ሰው አይመስልም

ትርሲት ከቁርስ በፊት ሁለት ጊዜ ሞታ ነበር፤ ሁለቱንም ሞት አልወደደችውም። የመጀመሪያው በጦር ነው፤ ጦሩ ገና ሳይነካት ሕመሙ ቀድሞ ደረሰ። ሁለተኛው ውኃ ውስጥ ነው፤ ቅዝቃዜው ደህና ሆኖ ሳለ ውኃው ሐይቅ ሐይቅ አይሸትም። ሐዋሳ ያደገን ሰው እንዲህ ባለ ውኃ ማስጠም ንቀት ነው ብላ አስተያየቷን በድምፅ ቀረፀችና ሻይዋን ጠጣች።

ሥራዋ ይኸው ነበር። ድሮ በግብር አዳራሽ ጠጅ አሳላፊው ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ እንደሚቀምሰው ሁሉ፣ በእሷ ዘመን ጨዋታም ሳይቀመስ ለሕዝብ አይቀርብም። ጨዋታ የሚገባው በሻሽ ነው። ሻሽ የሚሉት ከስስ የብረት ክር የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ ራስ ላይ ሲጠመጠም ከአንጎል ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ እግር ሳይነሳ ያስሮጣል፣ ሆድ ሳይሞላ ያጠግባል። እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ሊያሳብድም ስለሚችል፣ አንድ ሕያው ሰው አስቀድሞ ይሞክረው ብሎ ሕጉ አዟል። ያ ሰው ቀማሽ ይባላል። ትርሲት ደግሞ ከቀማሾች ሁሉ ምላሷ መራራ ነው የሚሏት ነበረች።

በዚያ ሰሞን ስለቀመሰቻቸው ጨዋታዎች ያላትን አስተያየት ከማንም አልደበቀችም። «የዝናብ ፋብሪካ» ደመና እየገጣጠሙ ዝናብ የሚያዘንቡበት ነው፤ ለዓይን ያማረ ነው፣ ግን ገበሬ የሌለበት ዝናብ ለማን ይዘንባል ስትል ጠየቀች። የድሬዳዋውን የባጃጅ እሽቅድምድም «ባለ ሦስት ጎማ»ን ወዳዋለች፤ ሹፌሮቹ እርስ በርስ ሲሰዳደቡ እየሳቀች ግድግዳ ገጭታለች። «ምሽግ» የጦርነት ጨዋታ ነው። ጭቃው የእውነት ጭቃ፣ ፍርሃቱም የእውነት ፍርሃት መሆኑን አመስግና፣ ልጁን ጦር ሜዳ የሸኘ ሰው ግን አይጫወተው አለች። ከሁሉም አብልጣ የወደደችው «የጨው መንገድ»ን ነበር። ከአፋር በረሃ አሞሌ ጨው ጭኖ ደጋ መውጣት ነው፤ ማንም ማንንም አይገድልም፤ ግመሎቹ ይሄዳሉ፣ ሰውም ይከተላል። ጨዋታ ማለት ይህ ነው ብላ ነበር፣ ያ አዳማቂ ባያበላሸው ኖሮ።

አዳማቂ የሚባለው ጨዋታው ባዶ እንዳይሆን ውስጡ የሚዞረው ሕዝብ ነው፤ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ መንገደኛው። ሁሉም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውጤቶች ናቸው፤ ትርሲት የምታውቀው እንደዚያ ነበር። ታዲያ አንዱ በየጨዋታው ልብሱን እየቀያየረ ይመጣባታል። ምሽጉ ውስጥ ጠላት ሆኖ፣ ሳንጃ ደግኖ መጣና፣ ልትተኩስበት ስትል ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ፣ «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና? ጎረቤቱ ሁሉ ደህና?» አላት። ምን ልመልስ ብላ ስታስብ ከጎን የመጣ ጥይት ገደላት። በባጃጁ እሽቅድምድም ደግሞ ጠባብ ቅያስ ላይ ሲገናኙ ጥግ ይዞ ይቆማል። «እለፊ፣ የቸኮልሽው አንቺ ነሽ» ይላታል። ለማሸነፍ የተፈጠረ ተወዳዳሪ መንገድ ሲለቅ አይታ አታውቅም።

በ«የጨው መንገድ» ላይ ግን ነገሩ ባሰ። እዚያ ጨው ሻጭ ነበር። ሰላምታውን እንደ ልማዱ ከእሷ ጀምሮ ወደ ዘመድ አዝማድ ሲያዳርስ፣ «እናትሽስ እንዴት ናቸው?» አለ። ትርሲት ለምን እንደሆነ ሳታውቀው እውነቱን ተናገረች።

«ሞታለች። ክረምት ላይ።»

ሻጩ ጨዉን ትቶ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ለቅሶ የደረሰሽ ሰው አለ?»

ማንም አልደረሳትም። በእሷ ዘመን ማጽናኛውን ማሽን ይጽፈዋል፣ ማሽን ይልከዋል፤ መልስ የምትሰጠውም በማሽን ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ አልወጣ ያላትን ለቅሶ አለቀሰች። እሱም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ግመሎቹ ጥለዋት ሄዱ፤ ጨዋታው ተቋረጠ።

ሻሹን ስትፈታ መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ተናደደች። እናቷን በአንድ ማሽን ፊት ማልቀሷ አንገበገባት። አስተያየቷን ጻፈች፦ «ይህ አዳማቂ ብልሽት አለበት። ሥራውን ይረሳል፣ ሰላምታ ያበዛል፣ የማያገባውን ይጠይቃል፣ ሐዘን ሲሰማ ንግዱን ይተዋል። ሰው አይመስልም።»

የመጨረሻው ቃል የቀማሽ ማኅተም ነው፤ ከተመታበት አዳማቂው ከጨዋታ ሁሉ ይወገዳል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቀማሹ ራሱ እንኳ ሊመልሰው አይችልም። ማኅተሙ ተመታ፣ አዳማቂው ተወገደ፤ ትርሲትም ወደ ሌላ ጨዋታ አለፈች።

የቅምሻ ቤቱ ባለሙያ ባህሩ አንድ ረፋድ ላይ ስልክ ይዞ መጣ። «ያንቺን ስም ነው የምትጠራው» ብሎ ሰጣት።

«ሲስተር ዘነበች እባላለሁ፤ ከቢሾፍቱ፣ ከሕሙማን መጦሪያ ነው የምደውለው» አለች ሴትየዋ። «የጋሽ ይርዳውን መስመር ለምን እንደዘጋችሁት ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ጋሽ ይርዳው ማን ናቸው?»

«እናንተው ጋ አይደለም እንዴ የሚውሉት? ጨው ይሸጣሉ፤ ወታደር የሚሆኑበት ቀን አለ፤ ባጃጅም ይነዳሉ። ሰላምታ በማብዛት ሰው አይመስሉም ብላችሁ አስወጣችኋቸው አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።»

ትርሲት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሲስተር ዘነበች ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። ጋሽ ይርዳው ለረጅም ዘመን የሰፈራቸው የእድር ዳኛ ነበሩ። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ማን ተቸገረ ሲሉ ነው የኖሩት። ኋላ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ከዓይናቸው በቀር ሰውነታቸው በሙሉ ከዳቸው። የእድሩ ሰዎች አንድ በአንድ ተቀብረው አለቁና የሚጠይቃቸው ጠፋ። ያኔ አንድ ደግ ሰው፣ ከቅምሻ ቤቱ ከለቀቀ ቆይቷል፣ በአዳማቂዎች መስመር አስገባቸው። ያ መስመር የሚፈልገው ሐሳብና ንግግር ብቻ ነው። እሱ ሲከፈት ክፍላቸው ውስጥ ባለው ድምፅ ማጉያ ከነርሶቹም ጋር ያወራሉ፤ ሲዘጋ ግን አንዲት ቃል አትወጣቸውም። ሰውየው ሲሄድ ነገሩን የሚያውቅ አልቀረም።

«ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም» አለች ሲስተር። «ሰው የሚያገኙበት ነው። ሐኪሙ ደግሞ መስመሩ ዝም ብሎ ከከረመ አንጎላቸው መንገዱን ይረሳዋል፣ ከዚያ በኋላ አይከፈትም ብሏል።»

ትርሲት ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሥራ ዘመኗ በሙሉ ፊቷ ላይ ተደቀነ። ሰው ይመስላል ብላ ማኅተም የመታችላቸው ሁሉ ማሽኖች ነበሩ። ሰው አይመስልም ብላ ያባረረችው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለእናቷ ለቅሶ የደረሰላት ብቸኛው ሰው ነበር።

«ቃሌን ላንሳ» አለችው ባህሩን።

«አይነሳም። ታውቂዋለሽ።»

«እንግዲያው እንደ ተጫዋች አስገባቸው።»

«የተጫዋች ሻሽ የእጅና የእግር ትእዛዝ ካላገኘ አይሠራም፤ የእሳቸው ነርቭ ያንን አይልክም። ያላቸው የአዳማቂ መስመር ብቻ ነው፤ ያም ለማሽን ብቻ የተፈቀደ ነው፣ ያለማኅተምም አይከፈትም።» ባህሩ አንገቱን አከከ። «አንድ መንገድ አለ። ታርሟል ብለን እንደገና ለቅምሻ እናቅርባቸው፤ ለቅምሻው ያህል መስመሩ ይከፈታል። ተቆጣጣሪው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ማንነትሽን ከተናገርሽ፣ ወይም እሳቸው እንደ ድሮው ከሆኑ፣ አበቃ።»

«ሄጄ ላነጋግራቸው?»

«ቀማሽና ተቀማሽ አስቀድመው ከተገናኙ ቅምሻው ይፈርሳል። እኔም ከዚህ ቤት እባረራለሁ።»

ስለዚህ ጉዳዩን ለሲስተር ዘነበች ተወችው። ሲስተርም በደግነት፣ ጋሽ ይርዳው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ፣ ለምን እንደተወገዱ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሰላምታ አብዝተው፣ ሰው ጠይቀው፣ ሥራ ፈትተው ነው አለቻቸው። መቅረት ካልፈለጉ እንደ ሌሎቹ ይሁኑ፣ ሊፈትንዎት የሚመጣ አለ ብላ መከረቻቸው። ከማሽን አዳማቂዎች የተቀዳ ንግግር አምጥታም በየቀኑ ታሰማቸው ጀመር።

ቅምሻው በ«የጨው መንገድ» ላይ ተደረገ። ትርሲት ሻሹን ጠመጠመች። በረሃው ያው በረሃ ነው፤ ገበያውም እንደቆመ ነው። ጨው ሻጩ ተራው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው። እንደ ድሮው ሰላምታ እንዲያበዛላት ፈልጋለች፤ ካበዛ ደግሞ እንደሚጎዳው ታውቃለች።

«እንኳን ወደ ገበያው በደህና መጣሽ። ስንት አሞሌ ትፈልጊያለሽ?» አለ ሻጩ። ድምፁ ለስላሳና እኩል ነበር።

«ቤተሰብ እንዴት ነው?»

«ደጋ የሚወጣው የግመል ቅፍለት ሊነሳ ነው። ብትፈጥኚ ይሻላል።»

ትርሲት እዚህ ላይ ልትሄድ ይገባ ነበር። ሁሉም ነገር ባማረ ሁኔታ እየሄደ ነው፤ ተቆጣጣሪው የሚነቅፈው አንዳች ነገር አልሰማም። እግሯ ግን አልነሳ አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እናቷ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ከእሱ በቀር የምትነግረው አልነበራትም።

«እናቴ ሞታለች» አለች።

ሻጩ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። ከንፈሩ ሊላቀቅ ሲል አየችው፤ ወይም ያየች መሰላት። ነፋሱ አሸዋውን እየጠራረገ አለፈ። ከዚያ አጎንብሶ አንድ አሞሌ አነሳና ዘረጋላት።

«ይህ የተመረጠ ጨው ነው» አለ። «ስንት ልስጥሽ?»

ሻሹን ስትፈታ ባህሩ እያጨበጨበ ነበር። ተቆጣጣሪውም እንከን አላገኘበትም፤ እንደዚህ ያለ የታረመ አዳማቂ አላየሁም ብሎ አመሰገነ። ማኅተሙ ፊቷ ቀረበ። ብትመታው ጋሽ ይርዳው አፋቸው ይከፈታል፤ ግን ታርሞ የተመለሰ አዳማቂ በየዓመቱ እንደገና ስለሚቀመስ፣ ሰው መሆናቸውን ሲደብቁ ሊኖሩ ነው። ባትመታው በዝምታ ይቀበራሉ። «ሰው ይመስላል» የሚለውን መታች። እንደዚያ ቀን ሥራዋን ጠልታው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ዘነበች ደወለች። መስመሩ ተከፍቷል፤ ጋሽ ይርዳው ውኃ ጠይቀዋል፣ ነርሶቹን በየስማቸው እየጠሩ መርቀዋል። ስትነግራት ድምፅዋ ደስታና እንባ ተቀላቅሎበታል።

«ግን አንድ ነገር ጠይቀውኛል» አለች። «ያቺ ፈታኝ እናቴ ሞታለች ብላቸው ዝም ብለዋት ነው አሉ፤ ምሳቸውን እንቢ ብለውኛል። ‹ሰው ከሆነች ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ሰው አጠገቤ አዝኖ ጨው ስሸጥ ኖሬ አላውቅም። ማሽን ከሆነች ግን ልታታልለኝ የተላከች ናት፣ አልጸጸትም› ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

ትርሲት ስልኩን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰው ናት ብትባል፣ ሽማግሌው በሚቀጥለው ቅምሻ አንዲት ያዘነች ሴት ሲያገኙ ዝም ማለት አይችሉም። ጨዉን ትተው ይቀመጣሉ፣ መስመሩም ለዘለዓለም ይዘጋል።

«ማሽን ናት በያቸው» አለች። «ምንም አልተሰማትም። ምግባቸውን ይብሉ።»