አራት ሜትር ውኃ

«እጅሽን ወደ ላይ አንሺ» አለች ሐኪሟ።

ቡሽ ሞከረች። ክንዷ ከትከሻዋ እኩል ሳይደርስ መገጣጠሚያዋ ውስጥ የሆነ ነገር የነከሳት ያህል ጮኸች፤ ጩኸቷ መተላለፊያው ድረስ ተሰማ። ሐኪሟ ክርኗን ደገፍ አድርጋ ክንዷን ቀስ ብላ አወረደችላት።

«ወድቀሻል?»

«አልወደቅኩም።»

«የመታሽ ነገር አለ?»

«ምንም የለም። ከገንዳው ስወጣ ዝም ብሎ አመመኝ።»

ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው የዋሸችው። መጀመሪያ ገንዳው ዳር ለአሰልጣኙ ተናገረችው። መኪና ውስጥ ደገመችው። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ስትለው ለራሷም እውነት እየመሰላት መጣ።

አሰልጣኙ በሩ ጋ ቆሟል። ፀጉሩ ገና አልደረቀም፣ ቲሸርቱንም ከጥድፊያ ብዛት ገልብጦ ነው የለበሰው። የጠላቂዎች ክለቡ ልጆች በሙሉ «ኮች» ይሉታል። ገና ወጣት ሳለ ባሕር ውስጥ የመርከብ ሆድ የሚጠግን ጠላቂ ነበር፤ አንድ ቀን ከጥልቅ ውኃ ተጣድፎ ወጣና ግራ እግሩ ተበላሸ። ስለዚህ እሱ ክለብ ውስጥ «ዝም ብሎ አመመኝ» ብሎ ቤቱ የሚሄድ ልጅ የለም። ቡሽ ይህን ቃል ስትናገር ፊቱ አመድ መሰለ፤ ወዲያው አስተኝቷት ኦክስጅን አጥልቆላት ተሸክሟት ሮጠ፣ በዚያ በሚያነክስ እግሩ።

«ዶክተር፣ ጥልቀቱ አራት ሜትር ነው፤ ዐርባ ደቂቃ ቆይተዋል» አለ። «በዚህ ጥልቀት የጠላቂዎች በሽታ ይይዛል ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን የኔም ጉልበት ሲጀምረኝ እንደዚሁ ነበር። የጡንቻ ነው ብዬ ተኛሁበት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል።»

ሐኪሟ የራጁን ፊልም ወደ መብራቱ አነሳችው። «ስብራት የለም» አለች። ከዚያ ወደ ቡሽ ዞር ብላ ቁጭ አለች። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ጠላቂ ውኃ ውስጥ የሚስበው አየር ደሙ ውስጥ ይሟሟል። በድንገት ከወጣ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያ ላይ ይሰነቀራል። ከአራት ሜትር ይሄ ደርሶበት ያየሁት ሰው የለም። ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ይዤ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም። አረፋውን መልሶ የሚያሟሟ የግፊት ክፍል ያለው ሆስፒታል የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ሌላ ምክንያት ካልተገኘ አሁኑኑ በአምቡላንስ እልክሻለሁ። ሌላ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ቡሽ የለም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ የኦክስጅን ጭንብሉን መልሳ አጠለቀችላትና ስልክ ልትደውል ወጣች። ቡሽ ደስ አላት፤ አፉ የተሸፈነን ሰው ማንም ጥያቄ አይጠይቀውም።

እውነቱ ግን ጭንብሉ ስር ቁጭ ብሎ ነበር።

ክለቡ ውስጥ «ማዕበል» የሚባል ልምምድ አለ። ሁለት ሁለት ሆነው ገንዳው ወለል ላይ ይወርዳሉ። አንደኛዋ ማዕበል ትሆንና የጓደኛዋን መነጽር ታወልቃለች፣ ትገፋታለች፣ መጨረሻ ላይ ከአየር ሲሊንደሯ የሚመጣውን መተንፈሻ ከአፏ ትነጥቃታለች። ባሕር እንዲህ ሲያደርግ እንዳትደነግጪ ነው ነገሩ። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ የተነጠቀ መተንፈሻ አምስት እስኪቆጠር ይመለሳል።

ጥንዷ ጠጠር ነበረች። ሁለቱንም ስም ያወጣላቸው ኮች ነው፤ አንዷ በመጀመሪያው ቀን አልሰጥም ብላ ስትንሳፈፍ ስለዋለች፣ ሌላዋ ገና እግሯን ስታስገባ ወለሉን ስለነካች። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ ሻምፑ ይጠቀማሉ። ዛሬ ጠዋት ግን ኮች ወደ ባሕር የሚወስዳትን አንዲት ልጅ ስም አነበበ፤ ጠጠር ሆነች። ቡሽ ግን አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው የራሷን ስም ነበር።

«ቡሽዬ፣ አይክፋሽ» አለች ጠጠር ልብስ መቀየሪያው ውስጥ። «አንቺን እኮ ባሕር ለማስገባት ድንጋይ ማሰር አለብን!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ጠጠር ሁልጊዜ እንዲህ ትቀልዳለች፤ ቡሽም ሁልጊዜ አብራ ትስቃለች። ዛሬም ሳቀች፤ አንጀቷ ግን እርር አለ።

ውኃው ውስጥ ማዕበል የመሆን ተራው የቡሽ ነበር። መተንፈሻውን ከጠጠር አፍ መንጭቃ አወጣችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠጠር ረጋ ብላ እጇን ዘረጋች። አራት፣ አምስት። ቡሽ አልሰጠቻትም። ስድስት። ጠጠር እጇን አንገቷ ላይ እንደ ቢላዋ አመላለሰችው፤ «አየር አጣሁ» ማለት ነው። ሰባት። ቡሽ መነጽሯንም ገፈፈቻት። ጠጠር ወደ ላይ ልትወጣ ወለሉን ረገጠች፤ ቡሽ የሲሊንደሯን ማሰሪያ ጨምድዳ ይዛ ወደ ታች ጎተተቻትና ደረቷን በጉልበቷ ወለሉ ላይ ደፈቀችው። ስምንት። ዘጠኝ። ራቁታቸውን የቀሩት የጠጠር ዓይኖች ፈጠው ያዩዋት ነበር። ዐሥር። ከአፏ የሚወጣው አረፋ ቀነሰ።

ያኔ ጠጠር ለነፍሷ መታገል ጀመረች። በቡጢ ሆዷን መታቻት፣ ገፈተረቻት። በመጨረሻ መተንፈሻውን የያዘውን ክንድ አንቃ ወደ ኋላ ጠመዘዘችው። ቡሽ ትከሻዋ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማችው፤ በጆሮዋ ሳይሆን በአጥንቷ። ሁለቱም ተያይዘው ወጡ። ኮች ከገንዳው ማዶ የጀማሪ ልጅ ቀበቶ እያሰረ ነበር። ዞር ሲል ጠጠር ከንፈሯ ተሰንጥቆ ገንዳው ዳር ውኃ ታስመልሳለች።

«ውኃ ገብቶብኝ ነው» አለችው።

መተላለፊያው ላይ የከባድ ጫማ ኮቴ ተሰማ። ቡሽ ኮቴውን ለየችው።

አባቷ በያጅ ነው። ከክለቡ ተደውሎለት ከነሥራ ልብሱ መጥቷል፤ ፍንጣሪ የበሳሳው ሽርጡ አሁንም ወገቡ ላይ ነው። በተከፈተው በር ልጁን ጭንብል አጥልቃ ተኝታ አያት፤ አጠገቧ የቆመውንም ሰው አየ። ምንም አልጠየቀም። ኮችን አንገትጌውን ጨምድዶ ወደ መተላለፊያው ጎትቶ አወጣውና ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ምን አድርገህብኝ ነው ልጄን? ንገረኝ! ምን አድርገህብኝ ነው?»

«ወንድሜ፣ ተረጋጋ…»

ቡጢው ንግግሩን አቋረጠው። ሁለተኛው አፍንጫው ላይ አረፈ። ኮች በሚያነክሰው እግሩ ተንገዳግዶ ወንበሮቹ ላይ ወደቀ፤ ደሙ የተገለበጠው ቲሸርቱ ላይ ፈሰሰ። እጁን ለመከላከል እንኳ አላነሳም። ሐኪሟ ስልኳን ጥላ እየጮኸች ሮጠች።

«ኧረ ባክህ! ክሊኒክ ነው እኮ!»

«ተዪው ዶክተር» አለ ኮች ደሙን በእጁ እየጠረገ። «ልክ ነው። ልጁን አምኖ የሰጠው ለኔ ነው። ነገ ክለቡን እዘጋዋለሁ። አንዲት ልጅ እንደኔ አድርጌ ሌላ ልጅ ውኃ ውስጥ አላስገባም።»

ይህን ሲል አለቀሰ። ቡሽ ሰውየው ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ክለቡ የሱ ቤት ነው፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንዲት የሐሰት ቃል ይህን ሁሉ ልታፈርስ መሆኑ ገባት። ተናገሪ፣ ተናገሪ አላት ልቧ፤ እሷ ግን ጭንብሉን ይበልጥ ፊቷ ላይ ጫነችው።

«ጋሼ፣ እሱን አይምቱት» አለች አንዲት ቀጭን ድምፅ።

ጠጠር ነበረች። ለካ ተከትላቸው መጥታ መተላለፊያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ኖሯል። ከንፈሯ አብጦ ሌላ ሰው አስመስሏታል።

«በሽታ አይደለም። እኔ ነኝ እጇን የጠመዘዝኩት።»

አባትየው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ?»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። በበሩ በኩል ቡሽን አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች።

ቡሽ ለአንድ አፍታ እፎይ አለች። እግዜር ይስጣት፣ ጠጠር ሁሉንም ነገር አቀለለችላት። አምቡላንስ አይመጣም፣ ክለቡ አይዘጋም፣ እሷም ተበዳይ ሆና ቤቷ ትገባለች። የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው።

አባቷ ጠጠርን በጃኬቷ ይዞ ከወንበሩ አነሳት። የእግሯ ጣቶች ብቻ ወለሉን ነኩ። «የልጄን እጅ ልትሰብሪ? አብራሽ የበላችውን፣ አብራሽ የጠጣችውን?» በጥፊ አላት። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዞሮ ተመለሰ። ሁለተኛውን ለመድገም እጁን አነሳ። ጠጠር ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው።

ቡሽ ጭንብሉን ከፊቷ መንጭቃ ጣለችው። ከአልጋው ስትወርድ ትከሻዋ አናቷ ድረስ ነዘራት፤ ግድ አልሰጣትም።

«አባዬ፣ ልቀቃት!»

በሕይወቷ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«የጠመዘዘችኝ አየር ስለከለከልኳት ነው» አለች በር ላይ ቆማ። «መተንፈሻዋን ነጥቄ ያዝኩባት። ልትወጣ ስትል ጎትቼ መለስኳት። ደረቷ ላይ ተንበረከክኩ።»

አባቷ ጃኬቱን ለቀቀው። ጠጠር ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች። ኮች ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና ቡሽን ትክ ብሎ አያት። እዚያ ካሉት ሰዎች ሁሉ የተናገረችውን ነገር ክብደት በትክክል የሚያውቀው እሱ ነው። ቢሆንም በደም በጨቀየ ፊቱ ላይ የልመና ዓይነት ነገር ነበር።

«ቆጠራው ጠፍቶብሽ ነው» አለ ዝግ ብሎ። «ያጋጥማል። ውኃ ውስጥ ሰው ቆጠራ ይጠፋበታል። አይደል ልጄ?»

አባቷም አያት። በዚያ ሁሉ ቁጣ ላይ አንድ ነገር እየለመናት ነበር፤ አዎ በይ፣ አዎ በይ። አንዲት ቃል ብቻ ነች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይቅር ይላታል።

ቡሽ ጠጠርን አየቻት። ጠጠር አንገቷን ደፍታ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች።

«አልጠፋብኝም ኮች» አለች። «እየቆጠርኩ ነበር። ልጎዳት ፈልጌ ነው።»