የጥዳማ ሚካኤል ገበዝ አሟሟት

ገበዝ ደምለው ሞተው የተገኙት በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ፣ ተቆርጦ በወደቀ ጥድ ቅርንጫፍ ሥር ነበር። ራሳቸው ተፈንክቷል። አጠገባቸው የአናጢው የሙላት መጥረቢያ ወድቋል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ወሩም ግንቦት ነበር። የጣሊያኑ ካፒቴን አምበር ከተማ አጠገብ ለሚያሠራው ምሽግ የጥዳማ ሚካኤልን ጥድ ይፈልጋል። በአገሩ ልማድ ግን ገበዙ ካልፈቀደ ከዚያ ደን ጭራሮ እንኳ አይለቀምም፤ ደምለው ደግሞ በተጠሩ ቁጥር እንቢ ብለው ተመልሰዋል።

የካፒቴኑ አስተርጓሚ ሬሳው ሳይነሣ ፍርዱን ይዞ ደረሰ። ገበዙ በድብቅ ዛፍ ሲቆርጡ ወድቆባቸዋል፤ ደኑ የተከለከለ ነው ማለትም ሐሰት ነው አለ። አገሬው አላመነም። ግማሹ መጥረቢያውን አይቶ ሙላትን ጠረጠረ፤ ግማሹ ለጣሊያን ያደረውን ጭቃ ሹም ቢያዝንን።

የሟች ሚስት ወለተ ሰንበት እመት የብርጓልን አስጠሩ። የብርጓል በርስት ሙግት ደብረ ማርቆስ ችሎት ቆመው ያረጁ፣ ጣሊያን ወንበሩን ከያዘ ወዲህ ግን «ለባዕድ ዳኛ አቤት አልልም» ብለው ከቤታቸው የዋሉ ሴት ናቸው።

መጀመሪያ ሬሳውን አዩ። የገበዙ ጋቢ ከጀርባ በኩል ጭቃ ነክቶታል፤ ከፊት በኩል ግን ደረቅ ነው። ሬሳው ሲነሣ የተኛበት መሬት ርሷል። ከዚያ ጎበዛዝቱ ግንዱን እንዲያንከባልሉት አዘዙ። ከግንዱ ሥር አቧራ ቦነነ።

ሙላትን ጠየቁት፤ መጥረቢያው ከትናንት በስቲያ ከደጁ እንደጠፋበት ነገራቸው። ቢያዝን ደግሞ ትናንት ቀኑን ሙሉ ምሽጉ ጋ እንደነበረ፣ እዚያው እንዳደረም ወታደሮቹ መሰከሩ። የቀረው የሟች የወንድም ልጅ የኔዓለም ነበር። ገበዝነቱ ከዚያ ቤት ስለማይወጣ ተተኪው እሱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሲያለቅስ ዓይኑ ቀልቷል።

«አጎትህን መጨረሻ ያየሃቸው የት ነው?»

«እዚሁ ነው፣ እመት። ትናንት ወደ ማታ ያ ዶፍ ሲወርድ ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠልዬ ነበር። እሳቸው መጥረቢያ ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ደኑ ገቡ።»

«ያንን ዝናብ ችለው?»

«ችለው።»

የብርጓል ሌላ አልጠየቁትም።

ከቀትር በኋላ አገሩ ከቅጥሩ ውጭ ለአውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ወንጀለኛ ሲጠፋ ሁሉም የሚያውቀውን በግዝት የሚናገርበት ሸንጎ ነው። አስተርጓሚውም ወታደሮች አስከትሎ መጣ።

የብርጓል ተነሡ። «ከግንዱ ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነው። ስለዚህ ዛፉ የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው። ከሬሳው ሥር ያለው ግን ርጥብ ነው። ደምለው እዚያ የተኙት ከዝናቡ በኋላ ነው። እንግዲህ ዛፉ አልገደላቸውም፤ ገድሎ ያመጣቸው ሰው አለ።»

የብርጓል ቀጠሉ።

«ጋቢያቸው ዝናብ አልነካውም። ዶፉ ሲወርድ ጣራ ሥር ነበሩ ማለት ነው። የኔዓለም ግን በዶፉ ውስጥ ሲሄዱ አየሁ አለኝ። ማንጠግቦሽ፣ ልጄ፣ ግዝቱን ሰምተሻል። ትናንት ዝናቡን ቤታችሁ ያሳለፈ ማን ነው?»

የየኔዓለም ሚስት ማንጠግቦሽ ባሏን ሳታይ ተነሣች። «አባባ ደምለው ናቸው» አለች። የወደቀውን ጥድ አይተው ተቆጥተው እንደመጡ፣ ባሏ እሷን ወደ ጓዳ እንዳስገባት፣ ከዚያ ጩኸት እንደሰማችና ዝናቡ ሲያባራ ቤቱ ባዶ እንደነበረ ተናገረች። እንዳትናገር በልጇ አስምሏት ነበር።

የኔዓለም አልካደም። ካፒቴኑ አጎቱን ሽሮ ገበዝነቱንና የገበዙን መሬት ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር። ጥዱን በሙላት መጥረቢያ የቆረጠው እሱ ነው፤ አንዱ ከወደቀ አገሩ ይለምደዋል ብሎ። አጎቱ በአደባባይ አስነቅፍሃለሁ ሲሉት ዘነዘና አንሥቶ ራሳቸውን መታቸው።

ሽማግሎቹ እሳት እንዳይጫርለት፣ ውኃ እንዳይቀዳለት አወገዙት። አስተርጓሚው ግን የመንግሥት ሰው ነው ብሎ ከሸንጎው መሐል አወጣው። አክሎም ገበዙ ስለሞቱ ከልካይ እንደሌለ፣ ነገ መኪና እንደሚመጣ ተናገረ።

«ገበዝ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም» አሉ የብርጓል። «ባለርስቶቹ እነዚያ ዛፎች ሥር ተቀብረዋል። ቀስቅሳችሁ አስፈቅዷቸው።»

በማግስቱ መኪኖቹ ሲደርሱ ደኑ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነበር። በየጥዱ ሥር አባወራው ከነቤተሰቡ፣ ቄሱ ከነመስቀሉ፣ ወለተ ሰንበትም ባዲሱ መቃብር ራስጌ። ወታደሮቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ። የተነሣ የለም። ያን ጊዜ ጭቃ ሹም ቢያዝን ከካፒቴኑ ጎን ወጥቶ፣ ጣሊያን የሸለመውን ካፖርት አውልቆ መኪናው ላይ ጣለና ሄዶ ከሙላት አጠገብ ተቀመጠ።

ቢያዝንንና የብርጓልን አስረው ወሰዷቸው። የብርጓል እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ፣ ቀና ብለው ነበር የሚሄዱት። እንጨት ሊጭኑ የመጡት መኪኖች በሙሉ ባዷቸውን ተመለሱ።