የአቡነ ዮሴፍ የመንገድ ደቦ

በደቦው ቀን አሥራ አንዱ ወኪል ገላዎች እንደ ወትሮው ዶማና አካፋቸውን ይዘው ከመጋዘን ወጡ። ወኪል ገላ ማለት ሰው ከቤቱ ሳይነሳ የሚያንቀሳቅሰው የብረት አካል ነው። አቡነ ዮሴፍ ተራራን በገዛ እግሩ የወጣው ይመር ብቻ ነበር። ማጋነን አይሁንብኝና፣ ያንን መንገድ ሰይጣን ራሱ ከዘራ ሳይዝ አይደፍረውም።

ይመር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በወር አንዴ ሰው የሚያጫውተው እዚህ ደቦ ላይ ብቻ ነው። ደንቡ ቢያንስ ሁለት ሰው የማይጠግነው መንገድ ይዘጋል ይላል። እሱ ግን አሥራ ሁለት ነን ብሎ ተዝናንቷል።

“ይህን ድንጋይ አያችሁት?” አለ። “አምና እንዲህ ያለውን በአንድ እጄ አንስቻለሁ። በሌላው ነብር ይዤ ነበር!”

“እሰይ ጀግናው!” አሉ አሥሩ ገላዎች።

“አንተ ቀጣፊ!” አሉ አሥራ አንደኛዋ፣ እትዬ ትዋበች። “ባለፈው ወር ነብሩ ጅብ ነበር።”

“እርስዎ ቢቀሩ ኖሮ እኮ ደቦው እንዴት ባማረ!”

ይህን እንዳለ በረዶ ወረደ፤ እንቁላል የሚያህል፣ ያውም የሰጎን። መብረቅ በተራራው ጫፍ ያለውን የግንኙነት ማማ መታው።

ግንኙነት ሲቋረጥ ሰው የሚያንቀሳቅሰው ገላ ባለበት ቀጥ ይላል። ይመር ሁሉም እስኪቆሙ ጠበቀ። አሥሩ ግን ካቡን መካብ ቀጠሉ።

“ደሳለ፣ አለህ?”

“እሰይ ጀግናው!” አለ የደሳለ ገላ።

የመለሰለት ምትክ አንደበት ነበር፤ የባለቤቱን አነጋገር ተምሮ ገላውን ያለ ሰው የሚያሠራ ፕሮግራም። ባለቤቶቹ እሱን ጭነው ወደየጉዳያቸው ሄደዋል። ከመቼ ጀምሮ? ባለፈው ወር በጅቡ ወሬ ማን ነበር ያን ያህል የሳቀው?

ዞር ሲል የእትዬ ትዋበች ገላ ድንጋይ እንደታቀፈ አፋፉ ላይ ደርቋል። የበረዶው ጎርፍ ከእግሩ ሥር አፈሩን እየበላ ነው። ገላው ከወደቀ የሚቀረው ሰው ይመር ብቻ ነው፤ መንገዱም ይዘጋል። ዶማውን ጥሎ ሮጠ፤ ገመድ በገላው ወገብና በራሱ ወገብ አስሮ፣ ዓለት ተደግፎ ተቀመጠ። በረዶው ጀርባውን ወቀረው። ከኋላው አሥሩ እሰይ ይላሉ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ገላው ተንቀሳቀሰ።

“ይመር! አለህ? ይኸው እስካሁን ቤቴ ተቀምጬ የጨለመ ስክሪን ላይ አፍጥጬ… ምን ብለህ ነው ያሰርከኝ?”

“ከገደል ሳድንዎት ነው።”

“በአንድ እጅህ፣ በሌላው ነብር ይዘህ?”

ይመር የደቦውን መዝገብ አውጥቶ፣ አሥራ ሁለት የሚለውን ሰርዞ፣ “ሁለት ሰው” ብሎ ጻፈ።

“አይ፣ እትዬ” አለ። “በሁለቱም እጄ ነው።”