የጎሹ ጭራ

በኅዳር 1972 ዓ.ም. ሻምበል ወርቅአፈራሁ ልደታ ወደሚገኘው ለቅሶ ቤት የሄደው ገዳይ ሊፈልግ አልነበረም። ገዳዩ «እኔ ነኝ» ብሎ ከፈረመ ሦስት ቀን ሆኖታል። አምሳሉ ይባላል፤ የሟቹ የአቶ ሀብተሥላሴ ሚስት ወንድም ነው። ሻምበሉ መዝገቡን ዘግቶ መገላገል ሲችል፣ እስረኛውን ከጣቢያ አውጥቶ ድንኳኑ ውስጥ ይዞት ገባ።

እህቱ ድንቅነሽ ገና ስታየው ፊቷን አዞረች። አምሳሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። የሦስት ቀን እስር እንዲህ አላመመውም።

አጠገቧ የቀበሌው ሊቀመንበር ነጋ ተቀምጧል። ሀብተሥላሴ በሞተበት አደን ላይ ሦስተኛው አዳኝ እሱ ነው፤ በቀብሩ ዕለት ከዘመድ ሁሉ አብልጦ ያለቀሰም እሱ ነው።

«ጓድ ሻምበል፣ ሐዘንተኛ ፊት እንዲህ ይደረጋል?» አለ።

«አንድ ነገር አልገባኝ ብሎ ነው። እስቲ የሆነውን እንደገና ይንገሩኝ።»

ነጋ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ጎሽ የምንገድልበት ፈቃድ አውጥተን ኦሞ ዳር ወረድን፤ የመንግሥት መሬት ነው። ሀብተሥላሴ በሣሩ ማዶ ዞረ። አምሳሉ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ አየና ተኮሰ፤ እኔም አስከትዬ ተኮስኩ። ጎሹን እኔ ጣልኩት። የሱ ጥይት ግን...» አንገቱን ነቀነቀ።

«አምሳሉ፣ ጥይትህ የት እንዳረፈ በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም። ሣሩ ከቁመቴ ይበልጣል። ነጋ እየጮኸ መጥቶ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ራሴን አላውቅም።»

«ጠመንጃህን መኪና ላይ የጫነው ማነው?»

«ነጋ ነው።»

ከሻምበሉ ጋር የመጣ ወታደር የአምሳሉን ምንሽር ጠመንጃ ይዞ ገባ። አፈሙዙ ላይ የደረቀ የጎሽ ጭራ ታስሯል።

«አባቴ አዳኝ ነበር» አለ ሻምበሉ። «ጭራ የሚታሰረው አውሬውን በጣለው ሰው ጠመንጃ ላይ ነው። የሰው ግዳይ የቀማ፣ በሚቀጥለው አደን አውሬ ይበላዋል ይሉ ነበር። ጎሹን የጣሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ጭራው እዚህ ምን ይሠራል?»

«እንዲጽናና ብዬ ነዋ።»

«የእህቱን ባል የገደለ ሰው በጎሽ ጭራ ይጽናናል?»

ከለቀስተኞቹ መካከል አንድ ሽማግሌ አጉረመረሙ። ሻምበሉ ቀጠለ።

«ይኼው ጭራ እንቅልፍ ነስቶኝ ዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ባለፈቃድ የገደለውን አውሬ ራስ ማስረከብ ግዴታው ስለሆነ እርስዎም የጎሹን ራስ አስረክበዋል። እኔ ነኝ የሚል ሰው እያለ ራስ ቅል የሚሰነጥቅ አይኖርም ብለው ነው። እኔ አሰነጠቅሁት። የወጣችው ጥይት የምንሽር ናት፤ የእርስዎ ቤልጅግ አይጎርሳትም። የተተኮሰው ሁለት ነው፤ የአምሳሉ ጎሹ ውስጥ ተገኘች። እንግዲህ ሀብተሥላሴን የመታችው የእርስዎ ናት። ሰው ሲገድሉ ያልፈሩ፣ ግዳይ መቀማት ፈሩ።»

አምሳሉ ደረቱ ላይ የተጫነው የወፍጮ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ድንቅነሽ እየተንገዳገደች መጥታ ትከሻውን ያዘች፤ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች አለቀሰች።

«ለምን?» አሉ ሽማግሌው።

«ሟቹ የቀበሌው ሱቅ ተቆጣጣሪ ነበሩ። የሕዝቡ ስኳር በጓሮ በኩል መርካቶ እንደሚወጣ ደርሰውበታል። በጓድ ነጋ ላይ ክሱን ጽፈው ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበት አገኘሁት። ይህ በዛሬ ጊዜ የሚያስረሽን ወንጀል ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ክሱን ሚስታቸው እንኳ አላወቁም። ጓድ ነጋ፣ ማን ነገረዎት?»

ነጋ አምሳሉን ብቻ አየው።

አምሳሉ ወደ አደኑ ሲወርዱ የበሉትን ቁርስ አስታወሰ። ሻሸመኔ ሻይ ቤት ነበሩ፤ ሀብተሥላሴ ጎማ ሊያይ ወጥቷል። ቀደም ብሎ ለብቻቸው ሳሉ፣ «እስክንመለስ ለማንም እንዳትተነፍስ» ብሎ ስለ ክሱ ሁሉን ነግሮት ነበር። ነጋ ሻዩ ውስጥ አራተኛ ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ግን አምሳሉን ቀልድ አማረው፤ «ጠጣ ሊቀመንበር፣ ሀብተሥላሴ በስኳርህ ሊከስህ ነው!» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። የገዳይ ቃል ማን ያምናል? እህቱ ትከሻው ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ሦስት ቀን ሙሉ የተመኘው ይህንኑ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አምሳሉ። «ለቀልድ ብዬ ነገርኩት።»

ድንቅነሽ ለቅሶዋን አቆመች። ከዚያ እጇን ከትከሻው ላይ አነሣች።