ሆዱ ላይ የቀሩት እንቁላሎች

የጌጥ ዓሣ ነጋዴው ሙሄዲን ሰበታ ባለው ሱቁ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ ድንጋይ፣ ዙሪያውን የተሰባበረ የዓሣ ገንዳ መስታወት። ደጅ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የጅማን መንገድ ዘግቶታል፤ ጎማ ይነድዳል። ፖሊስ ምን ገዶት! ድንጋይ ካለ ወርዋሪ አለ ብሎ የጎረቤቱን ልጅ ገመቹን አፍሶ ወሰደው።

ከዞን የተላከችው መርማሪ አረጋሽ ግን መቸኮል አትወድም። የሟችን ሚስት ሃዋን፣ ሸሪኩን ተሾመን፣ የገመቹን እናት አደ ወርቅቱን እዚያው ሱቅ ሰበሰበቻቸው።

«ድንጋይ በመስኮት ይዘንብ ነበር» አለ ተሾመ። «ከጓዳ ሮጬ ስወጣ እሱ ወድቋል፣ ዓሣዎቹ ስብርባሪው ላይ ይንፈራገጣሉ። ለቅሜ ባልዲ ውስጥ ከተትኳቸው።»

አረጋሽ ባልዲው ላይ አጎነበሰች። እርሳስ የመሰሉ ሁለት ቀጫጭን ዓሣዎች ይዋኛሉ። የአንዱ ሆድ ሥር በእንቁላል ተሞልቷል።

«እናትየዋ ይቺ ናት?»

«አባትየው ነው» አለች ሃዋ እንባዋን እየጠረገች። «ቧንቧ ዓሣ ይባላል፤ የባሕር ነው። ሴቷ ትጥልበታለች፣ እስኪፈለፈሉ የሚሸከማቸው እሱ ነው። እንቁላሉ ሆዱ ላይ ተለጥፎ ነው እንጂ መሸፈኛ የለውም። ሙሄዲን ይረግፋል ብሎ በመረብ እንኳ አያወጣውም፤ ከነውሃው ነው የሚቀዳው።»

«አቶ ተሾመም ያውቃሉ?»

«እንዴት አያውቅ! አብረው ነው ያሳደጓቸው።»

አረጋሽ ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነክራ ቀመሰች። ጨው ነው።

«መስታወት ላይ ከተንፈራገጠ እንቁላሉ እንዴት አልረገፈም? የፈሰሰውን የጨው ውሃስ ማን አፍሶ ባልዲ ሞላው? እነዚህ ዓሣዎች ወለል አልነኩም፤ ገንዳው ሳይሰበር ከነውሃቸው ተቀድተዋል። እንደሚሰበር ቀድሞ የሚያውቅ ደግሞ ሰባሪው ብቻ ነው። አቶ ተሾመ፣ ሰውየውን ገደሉ፤ በደጁ ረብሻ ለማሳበብ ገንዳውን ሰበሩ። በዓሣዎቹ ላይ ግን መጨከን አቃትዎት።»

ተሾመ ባልዲውን እያየ ተናገረ። «ሰበታ እየነደደች ነው፣ ዓሣዎቹን ይዘን አዲስ አበባ እንግባ ብዬ ለመንኩት። መንገድ ላይ ያልቃሉ ብሎ እምቢ አለ። ተናደድኩና…»

«ለዓሣው ልጆች አባት ስትሳሳ» አለች ሃዋ፣ «ለኔ ልጆች አባት አልሳሳህም?»

አረጋሽ ጣቢያ ደወለች። «ገመቹን አሁኑኑ ፍቱት!» አዳመጠች። «ከጣቢያ ጭነው ወሰዱት ማለት? የት?»

የት እንዳደረሱት ጣቢያው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አደ ወርቅቱ ለልጇ ያመጣችውን ጋቢ እንደታቀፈች ተጠጋቻት።

«ገመቹ ንጹህ ነው አላልሽም እንዴ?»