የአሥራ ሁለተኛው ጣቃ እንከን

«እማማ፣ እርስዎ ስምዎን እንኳ አይጽፉም። ኮምፒዩተሩን ተሳስተሃል ሊሉት ነው?»

ተቆጣጣሪው ይህን ሲለኝ የማሸጊያ ክፍል ሰዎች ሳቁ። ይሳቁ። በዚህ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ዳስሻለሁ። እሱ እናቱ ጀርባ ላይ ሳለ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የተበጠሰ ድር በጣቴ አገኝ ነበር።

የኮምፒዩተሩን ሥራ የሠራችው ደግሞ ባዳ አይደለችም፤ የልጄ ልጅ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤቷ የሳይንስ ውድድር ብላ የጣቃዎቹን ፎቶ አነሳችና ፓይተን በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ እንከን የሚፈልግ ፕሮግራም ጻፈች። የምትጠቀምበትን ዘዴ ዌቭሌት ይሉታል። ምንድን ነው ብላት እንዲህ አለችኝ፦

«እቴቴ፣ ፎቶውን ይለያየዋል። ሰፊውንና ለስላሳውን ለብቻ፣ ደቃቁንና ሻካራውን ለብቻ። እንከን የሚደበቀው ደቃቁ ውስጥ ነው።»

«እኔስ ምን የማደርግ መሰለሽ? መጀመሪያ በመዳፌ፣ ቀጥሎ በጣቴ ጫፍ።»

«እሱማ ልክ ነሽ። ግን ያንቺ አንድ በአንድ ነው። የኔ ስልሳ አራቱንም ጣቃ ባንዴ ነው፤ ፈታ በይ!»

ፈታ አልኩላት። ተቆጣጣሪው ውጤቱን አይቶ ተደሰተና ለውድድሩ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አላት። ከዚያ ፕሮግራሙ አሥራ ሁለተኛው ጣቃ ላይ የተበጠሰ ድር አሳየ። ጣቃውን የሠራችው የአራት ቁጥር ማሽን ሸማኔ ናት። ሴትዮዋ ሁለት ማስጠንቀቂያ አላት፤ ሦስተኛው ማለት መባረር ነው። እኔ ጣቃውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰስኩት፤ ምንም የለበትም። ይህን ብናገር ነው የተሳቀብኝ። «ዓይንና እጅ ያላገኘውን እንዲያገኝ አይደል ያመጣነው?» አለ ተቆጣጣሪው፣ የስንብቱን ወረቀት እየፈረመ። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ጥፋተኛ ነሽ» ብሎ ሸማኔዋ ላይ ጮኸ።

በምሳ ሰዓት ልጅቷን ላፕቶፗን ይዛ ካርቶን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ክፈቺው» አልኳት።

«እቴቴ፣ በናትሽ...»

«ክፈቺው ብዬሻለሁ።»

ከፈተችው። ፕሮግራሙ ባወጣው የአሥራ ሁለተኛው ጣቃ ምስል ላይ እንከኑ ከግራው ዳር አራት ጣት ገባ ብሎ እንደ ፀጉር ቀጥ ብሎ ወርዷል። አውቀዋለሁ። ትናንት ጠዋት በጣቴ ያገኘሁት ነው፤ ግን በሦስት ቁጥር ማሽን ጨርቅ፣ በአሥራ አንደኛው ጣቃ ላይ። እሱንም አሳዪኝ አልኳት። እዚያም አለ፤ በዚያው ቦታ፣ ግን ደመቅ ብሎ።

«ሁለት ማሽን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ ድር ይበጥሳል? ምነው፣ ተማክረው ነው?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ኮዷን ወደ ላይ ወደ ታች አገላበጠችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ፎቶዎቹን ደራርቤ ነው የሰጠሁት» አለች ቀስ ብላ። «በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ፣ በቁመትና በወርድ ብቻ መሥራት ነበረበት። እኔ በየት በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ አልነገርኩትም። በተደረቡበት በኩልም ሄዷል። ተከታትለው ያሉትን ጣቃዎች ቀላቅሏቸዋል።»

«የአንዷን እንከን ለሌላዋ አለበሰ በይኛ።»

«አንዲት መስመር ናት፤ ቤት ስገባ አስተካክላታለሁ። ማንም አያውቅም።»

«ሸማኔዋስ?»

«ደብዳቤውን ይከለክለኛላ! ውድድሩ እኮ ዓርብ ነው።»

በመስኮቱ በኩል ሸማኔዋ ሽርጧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ትታየናለች። በጣቴ ወደዚያ ጠቆምኩ። አንድን ነገር ሁለቴ መናገር አልወድም። ልጅቷ ላፕቶፑን ዘግታ አቀፈችው። ከዚያ ተነሥታ የቢሮውን ደረጃ ያዘች። ጉልበቴን እየረገምኩ ተከተልኳት።

«እንከኑ የጨርቁ አይደለም፤ የኔ ኮድ ነው» አለችው። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየችው።

ወዲያው አመናት። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ያላገኘሁትን እምነት እሷ በሁለት ደቂቃ አገኘችው።

«ጎበዝ ነሽ! የራስሽን ስህተት ራስሽ አገኘሽ» አላት።

ልጅቷ እኔን አየች፤ ጫማዋን አየች፤ ዝም አለች። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ግን እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል።

«ሴትዮዋ ወጥታለች መሰለኝ» አለ ሰዓቱን እያየ። «ግድ የለም፤ ሰኞ በደብዳቤ እናሳውቃታለን።»

በሩ መሐል ቆምኩ።

«ስማ አንተ ጎረምሳ። ጥፋተኛ ነሽ ያልካት በደብዳቤ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። አውቶቡሱ ገና አልመጣም፤ ፌርማታው ላይ ቆማለች። ጃኬትህን ልበስና ውረድ። ይዘሃት ግባ፣ ማሽኖቹን አስቁም፣ ከዚያ በዚያው በጮኽክበት አፍህ ጨርቅሽ ንጹሕ ነው በላት።»