ለፎቶ የተሰጠ ብርድ ልብስ

ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ጭራሮ ለብ ያለ ውሃ በጥጥ እየነከረች ጠብ ጠብ አደረገችበት። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጫፉን ሳብ ስታደርገው ቢጫ መግል ተከትሎት ወጣ። አፏንና አፍንጫዋን በመሀረብ ብታስርም ሽታው ሰነፈጣት።

ጭራሮ ያሏት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ከቅጥነቷ የተነሣ። ቁስሉ ደግሞ የአያቷ ነው፣ የአባቷ አባት። ድሮ ወታደር ስለነበሩ ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ «አስር አለቃ» ይላቸዋል። በጦርነቱ ዘመን ሥራቸው ቁስለኛ በቃሬዛ መሸከም ነበር። ያኔ ቅልጥማቸው ውስጥ የቀረችው የብረት ፍንጣሪ በዓመት አንድ ሁለቴ ታመረቅዛለች። አባቷ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ እናቷም ልብስ ስፌት ፋብሪካው የማለዳ ፈረቃ ስለሰጣት፣ ቁስሉን ማጠብ ለጭራሮ ተረፈ። መሀረቧን ባሰረች ቁጥር አያቷ እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

«ዛሬስ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው፣ እናቴ» አሏት። «ሰው ፊት ነው የምቀርበው።»

የዚያን ቀን ትምህርት ቤቷ «ባለውለታዎቻችንን እናክብር» የሚል ዝግጅት ነበረው። ከአካባቢው አምስት የቀድሞ ወታደሮች ተጠርተዋል። አስር አለቃ ሱሪያቸውን ፍራሽ ሥር አስተኝተው ነው ያደሩት፤ ጢማቸውንም ሁለቴ ተላጭተው አገጫቸውን ቆርጠውታል።

ዝግጅቱ ሦስት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ ነበር፤ የክብር እንግዳው የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ አምስቱ ሽማግሌዎች ሜዳው ላይ፣ ፀሐይ አናታቸውን እየበሳቸው፣ እንደ ጅብራ ተገትረው ጠበቁ። ወንበር አልጠፋም። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ የሆነው መምህር ግን ሲቀመጡ ሰልፉ ለፎቶ አያምርም አለ። ፎቶ አንሺዋ ጭራሮ ናት። ዜናውን የምትጽፈው ጓደኛዋ አጠገቧ ቆማለች፤ እሷንም ሁሉም «ዜና» እያለ ነው የሚጠራት።

ከፊት የተሰለፉት ተማሪዎች መጀመሪያ ተያዩ፣ ከዚያ ተጎሻሸሙ። አንዱ አፍንጫውን ይዞ በአገጩ ወደ አስር አለቃ እግር ጠቆመ። ካልሲያቸው ርሶ ነበር።

«ኡፍ! ያ ሽማግሌ ነው ባክሽ» አለች ዜና አፏን ሸፍና። «ማነው? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ዜና ቤታቸው መጥታ አታውቅም። ጭራሮ በዚያ ቁስል የተነሣ ማንንም ጋብዛ አታውቅም።

«አላውቃቸውም» አለችና ካሜራውን ዓይኗ ላይ ደገነች።

እንግዳው አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ጀግንነት ተናገሩ፤ ግማሹን ጊዜ ሰዓታቸውን እያዩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ዚፕ ባለው ላስቲክ የታሸገ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጡ። አስር አለቃ ብርድ ልብሱን በአንድ እጃቸው ታቅፈው በሌላው ወታደራዊ ሰላምታ አቀረቡ። ጭራሮ አነሳቻቸው። ጥሩ ፎቶ ነበር።

የእንግዳው መኪና ከበር እንደወጣ ደወል ተደወለ፤ ተማሪው ወደየክፍሉ ተበተነ። ጭራሮ ካሜራውን ልትመልስ በአዳራሹ ጀርባ ዞር ስትል ሽማግሌዎቹን ንብረት ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው አገኘቻቸው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በእጇ መዝገብ ይዛለች፤ አጠገቧ ጋሪ ቆሟል።

«አባቶች፣ ነገ ሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ዝግጅት አለ» ይላል መምህሩ እየሳቀ። «ለጊዜው እንዋሳችሁ። የእናንተ ወደፊት ይላክላችኋል።»

አንደኛው ሽማግሌ ነገሩ አልገባቸውም፤ ላስቲኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ። መምህሩ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። አስር አለቃ ግን ተራቸው ሲደርስ አላስቸገሩም። ጎንበስ ብለው ብርድ ልብሱን ራሳቸው ጋሪው ላይ አኖሩት፤ እንዲያውም ዚፑን ዘጉላቸው። ጭራሮን ያቅለሸለሻት ይሄ ዚፕ መዝጋታቸው ነው። ካሜራውን አንስታ ተጫነችው፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

ማታ በእራት ላይ እናቷ አማቷን እንዴት ዋሉ፣ ምንስ ሸለሟችሁ ስትል ጠየቀቻቸው።

«ብርድ ልብስ ሰጥተውን ነበር» አሉ አስር አለቃ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ። «መንገድ ላይ ከእኔ የባሰበት ሰው አግኝቼ ሰጠሁት።»

«እርስዎ ደግሞ! ደግነትዎ መቼም አይለቅዎትም» አለች እናቷ፤ ደስ ብሏታል።

ጭራሮ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ቀኑን ሙሉ መምህሩ ሲቀፋት፣ እንግዳው ሲቀፏት፣ ያ ጋሪ ሲቀፋት ነው የዋለው። አሁን ደግሞ ራሷ ቀፈፈቻት። አላውቃቸውም ያለው የገዛ አፏ ነበራ።

ሳህኖቹ ተነሥተው እናቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ቁስሉን ልታጥብ ተቀመጠች። ሽታው ያው ነው፤ መሀረቧንም አልተወችም። ፋሻውን አስራ ስትጨርስ ግን ካሜራውን ከፍታ ሁለተኛውን ፎቶ አሳየቻቸው። አስር አለቃ መነጽራቸውን አድርገው ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«እኛ ብርድ ልብስ የምንገፈው ከሞተ ሰው ላይ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ቁስለኛው ብዙ፣ ብርድ ልብሱ ጥቂት ስለነበር፣ ሰውየው መሞቱን ሦስቴ አረጋግጠው ያነሱ እንደነበር ነገሯት። ከሚተነፍስ ሰው ላይ የገፈፈ ከእነሱ ጋር ቃሬዛ አይዝም ነበር።

«የክበባችን ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው ወይ፣ አባባ? እማዬ መስማቷ አይቀርም እኮ።»

«ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ያየሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ታውቂያለሽ።»

በማግስቱ መምህሩ ዜና የጻፈችውን ወረቀት ለጭራሮ ሰጣት። አባቶች በተበረከተላቸው ብርድ ልብስ ልባዊ ደስታቸውን ገለጹ ይላል፤ ከሥሩ የአምስቱ ሙሉ ስም ተዘርዝሯል። ጭራሮ እሱን ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ሰሌዳው ላይ ለጠፈች። ከጎኑ ሁለተኛውን ፎቶ አደረገችና ከሥሩ «አምስት ሰዓት ከሩብ ተሰጠ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ተወሰደ።» ብላ ጻፈች።

«አበድሽ እንዴ?» አለች ዜና በሹክሹክታ። «ቲቸር ከክበቡ ነው የሚያባርርሽ። አንቺን ደግሞ ምን አገባሽ?»

ጭራሮ እስክሪብቶውን ወደ ፎቶው ሥር መለሰች። በክበቡ ደንብ ፎቶ አንሺ ከፎቶው ሥር ስሟን ትጽፋለች፤ ማንም ከአባት ስም አልፎ ጽፎ አያውቅም። ስሟን ጻፈች፣ የአባቷን አስከተለች። ከዚያም እስክሪብቶውን ሳታነሳ የአያቷን ስም ጨመረች፤ ዜናም ያንኑ ስም በሰሌዳው ላይ ከተዘረዘሩት አምስት ስሞች ሦስተኛው ላይ አየችው።